የነጩ ፍየል ጢም

ነገሩ የሆነው ዛፍ በማይበቅልበት አገር ነው። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ መንገዱን ሳታውቁት አትቀሩም። በዚያ አገር ፀሐይ ወጥታ የምትገባ እንግዳ አይደለችም፤ አናት ላይ ቁጭ ብላ የምትውል አማት ናት። ራሱን ሳይከልል የዋለ ሰው ፊቱ እንደ ድንች ይላጣል።

ስለዚህ የጥንት ሰዎች ተሰብስበው አንድ ትልቅ ጨርቅ ሰፉ። ከገበያው እስከ መቃብሩ የሚያለብስ። በመካከሉ ምሰሶ አቆሙለትና ወደ ላይ ሰቀሉት፣ ስሙንም ጥላው አሉት። ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ አገር ነው። ሰው የሚወለደው ከሥሩ፣ የሚዳረው ከሥሩ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚካሰሰውም ከሥሩ ነው። ምሰሶው ላይም እንዲህ ብለው ቀረጹበት፦ «ጥላው የማንም አይደለምና የሁሉም ነው። ቀዳዳ ያየ ይስፋ። የሰፋ ያሳይ። የወደደ ይቅዳ።»

በዚህ ቃል አገሬው ይኮራ ነበር፤ መኩራትም ያንሰዋል። ከሸለቆው ማዶ ያለው ሕዝብ የሚጠለለው በአንድ ጌታ ጨርቅ ሥር ነው። ያ ጌታ ስፌቱን ከታች በኩል በሰም ደፍኖታል፤ ቀና ብሎ ያየ ይቀጣል፤ ሲቀደድ ደግሞ ጌታው ደስ ብሎት እስኪመጣ ተቃጥሎ መጠበቅ ነው። የዛፍ አልባው አገር ሰዎች እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣታቸው ወደ ማዶ ይጠቁማሉ። «አያችኋቸው፣ አንገታቸው እንኳ የራሳቸው አይደለም» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው፣ አልወስድባቸውም። መልካም ነገርን መልካም ነው ከማለት ወደኋላ የምል ሰው አይደለሁም። ግን የጎረቤትን ቀዳዳ እያሳዩ የራስን መሸፈን ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ስሙኝማ።

ጨርቅ ይቀደዳል። ቀዳዳ ያየ ሰው በቤቱ መጣፊያ ያዘጋጅና ይዞት ወደ ምሰሶው ይሄዳል። እዚያ ባለምሰሶ የሚባሉ ሹማምንት ተቀምጠዋል፤ ጥላውን የሚያወርደው ገመድ በእነሱ እጅ ነው። መጣፊያውን አይተው ከወደዱት ገመዱን ይለቃሉ፣ ጨርቁ በዚያ በኩል ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ይሰፋል፣ በመጨረሻም ክሩን ይቋጥራል። ቋጠሮው እንግዲህ የሰፊው ነው። አንዱ እንደ ባቄላ ያድቦለቡለዋል፣ አንዱ እንደ ጆሮ ያወጣዋል፣ አንዱ ጅራት ይተውለታል። ከሥር የሚያልፍ ሰው ቀና ይልና «ይሄ የእገሌ እጅ ነው» ይላል። በዚያ አገር ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ሐውልት የላቸውም፤ ቋጠሮ አላቸው።

የመጀመሪያው ባለምሰሶ ደግ ሰው ነበር ይባላል። አንድ ልማድ ግን ነበረው፤ ከመናገሩ በፊት ጢሙን ይዳብሳል። ምናልባት ያሳክከው ነበር። እሱ ሲሞት የተካው ሰው ጥበቡን መውረስ ስላልቻለ ጢም መዳበሱን ወረሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ሕግ አደረጉት፦ «ሐሳብ ከጭንቅላት ወደ አፍ የሚወርደው በጢም በኩል ነው፤ ጢሙን ሳይዳብስ የተናገረ ሳያስብ ተናግሯል።» ለዚህም ጢም መርማሪ የሚባል ሹም ተሾመ። ሥራው ከምሰሶው ሥር ቆሞ፣ መጣፊያ ያመጣው ሰው ጢሙን እንዴት እንደሚዳብስ ማየት ነው። ከላይ ወደ ታች የዳበሰ ያልፋል። ወደ ጎን የዳበሰ ይመለሳል።

ሴት መጣፊያ አታምጣ የሚል ሕግ አልነበረም። ይሄንን ልብ በሉልኝ። ምሰሶውን ብትዞሩት አንድ የሚከለክል ቃል አታገኙበትም። ጢም ብቻ ነው የሚጠየቀው። ጢም ያላት ሴት ሁሉ መምጣት ትችላለች።

ዘርፌ የምትባል ክር ፈታይ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ይታይሽ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ይታይሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ያውም ወሯ ገብቷል። በዚያ አገር ሴት የምትወልደው በአራስ ቤቱ ነው፤ ሌላ ቦታ መውለድ ነውር ነው። አራስ ቤቱ ግድግዳ እንጂ ጣራ የለውም፤ ጣራው ጥላው ነው። ወንድ ወደዚያ ዝር አይልም። የገባ ከጥላው ውጭ ይባረራል። ከጥላው ውጭ መባረር ምን ማለት እንደሆነ አማቲቱ ታውቃለች።

ታዲያ ከአራስ ቤቱ በላይ፣ ልክ በመደቡ ትይዩ፣ ቀዳዳ ነበር። መጀመሪያ ጣት ያሾልክ ነበር፣ ከዚያ እጅ፣ በኋላማ ጥጃ ያሳልፋል። ፀሐይዋ በዚያ ትገባና አራሷ የምትተኛበት መደብ ላይ ትዘረጋለች። ሴቶቹ የወለዱበት ደም ሳይደርቅ ሕፃን ታቅፈው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይሸሻሉ። ባለፈው በጋ ወለላ የምትባል ወጣት ወልዳ፣ ደክሟት እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ፀሐይዋ ከሕፃኑ ፊት ላይ ነበረች። ያ ሕፃን ዛሬ የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነው።

«ታዲያ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አይዘረጉም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጠየቃችሁ። ከጥላው ሥር ሌላ ጥላ መዘርጋት ጥላውን መስደብ ነበር። የዘረጋ ሰው አገር ከፋፋይ ይባላል፣ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። «የወደደ ይቅዳ» ተብሎ ተቀርጿል፤ የቀዳ ግን ይወገዛል። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ድንጋዩ ሌላ ይላል፣ ሰዉ ሌላ ይሠራል።

ዘርፌ የወለላን ሕፃን ተሸክማዋለች። የጠፋውን ዓይን በአውራ ጣቷ ጠርጋለታለች። ስለዚህ በእጇ የፈተለችውን ክር አሸምና፣ ድርብ አድርጋ ጠንካራ መጣፊያ ሠራችና ወደ ምሰሶው ሄደች። ልጇ እዚያ መደብ ላይ ከመተኛቷ በፊት ያ ቀዳዳ መደፈን ነበረበት። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ባለምሰሶዎቹ በዚያን ጊዜ ከባድ ሥራ ላይ ነበሩ። በምሰሶው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው መርገፍ ቀይ ይሁን ወይስ ብርቱካንማ የሚል ክርክር ይዘው ክረምቱን ሁሉ ከርመዋል፤ በጋውም ሊበቃቸው አልቻለም። ከሥር ልሳኑ ቆሟል፣ ጢም መርማሪው።

«ስምሽ?» አላት።

«ዘርፌ እባላለሁ።»

«በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?»

«መጣፊያ ነው ጌታዬ። ለአራስ ቤቱ ቀዳዳ።»

«መልካም። ጢምሽን ዳብሺና ንገሪን።»

«ጢም የለኝም እኮ።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ምኑን?»

«ጢም እንዳይኖርሽ ማን ከለከለሽ? እኛ ነን?»

«እናንተማ አይደላችሁም። ፈጣሪ ነው።»

«እንግዲያው አቤቱታሽን ወደዚያው አድርጊ። እዚህ በሩ ክፍት ነው።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። አንዱማ «እሜቴ፣ ወደ እንዝርትሽ» አላት። የለበሰውን ማን የፈተለለት እንደመሰለው እንጃ።

ዘርፌ ዝም ብላ አልተመለሰችም። አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ዋናው ባለምሰሶ፣ ወደ አዝብጤ ተጣራች። «አባቴ፣ እርስዎ እንኳ ይስሙኝ። ፀሐይዋ የሕፃን ዓይን እያወጣች ነው።»

አዝብጤ ጢሙን ከላይ ወደ ታች ዳበሰና ወደ ላይ አየ። «እኔ ከተቀመጥኩበት ቀዳዳ አይታየኝም» አለ። «እዚህ ጥላ ነው። እናንተስ ጋ?»

«እኛም ጋ ጥላ ነው» አሉ ከግራና ከቀኙ የተቀመጡት።

«እንግዲህ ሁላችንም አይተናል» አለ አዝብጤ።

«ቀዳዳው እዚህ አይደለም አባቴ፣ አራስ ቤቱ ላይ ነው። ይምጡና ይዩት።»

አዝብጤ ደነገጠ። «አራስ ቤት ወንድ ይገባል? ሕግ ልታስጥሺኝ ነው?»

«እንግዲያው ያየሁት እኔ ልንገርዎ።»

«ጢምሽን ዳብሺና ንገሪኛ» አላት፣ በገርነት። በገርነት መሆኑ ነው የሚያቃጥለው።

አያችሁ አጥሩን። ያየችው መናገር አትችልም፣ መናገር የሚችለው ማየት አይችልም። እንዲህ ያለውን አጥር አስቦ የሠራ ሰው ቢኖር ቁጭ ብዬ እራገመው ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ግን ማንም አላሰበውም። አንድ ሰው ጢሙን ስላሳከከው የተተከለ አጥር ነው። ሌሎቹ ደግሞ በየዘመናቸው እሾህ ጨመሩበት።

ዘርፌ እያጉረመረመች ወደ ቤቷ ስትመለስ በእትዬ ደብሪቱ ደጅ አለፈች። ደብሪቱ ጎረቤቷ ናት፤ ከባሏ የቀራት አንድ ነጭ ፍየል አላት፤ ስሙ ፊታውራሪ ይባላል። የዚህ ፍየል ጢም በአገሩ የታወቀ ነበር፤ ለምልሞ ደረቱ ላይ ይተኛ ነበር። ዘርፌ ቆም አለች። አንድ ሐሳብ መጣላት፤ በየትኛው ጢም በኩል እንደወረደ እንጃላት።

በማግስቱ ደብሪቱ ከቤት ስትወጣ ጠብቃ መቀስ ይዛ መጣች። ፍየሉን ስታየው አገጩ ተላጭቷል። «ምን በሽታ ያዘህ አንተ?» አለችው። ጎኑን ብታይ ጎኑም ቦታ ቦታው ተነጭቷል፤ የአሮጌ ምንጣፍ መልክ ይዟል። የቀረው የሆዱ ሥር ነበር፣ እሱን ቆረጠች። ፍየሉም እግሩን አንፈራጦ፣ እንደለመደ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ቆመላት። ይሄ መልመዱ ሊገርማት ይገባ ነበር። አልገረማትም፤ ቸኩላለች።

ጠጉሩን በማር ሰም አገጯ ላይ ለጠፈችው። የባሏን ጋቢ ደረበች፣ ጥምጥም ጠመጠመች። በዚያኑ ጠዋት ይታይሽ ወገቧን ይዛ «እማዬ፣ ቆረጥ አደረገኝ» ብላት ነበር። «ጽኚ፣ ደርሼ መጣሁ» አለቻትና ለወለላ አደራ ሰጥታት መጣፊያዋን ይዛ ወጣች።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ጋቢ የደረቡ፣ ጥምጥም ያደረጉ፣ ነጫጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌዎች። ሁሉም ዝም ብለዋል። ወንድ ሰልፍ ላይ ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ስለ ገበያ ያወራል፣ ወይ ስለ አማቱ ያማርራል፣ ወይ ከፊቱ ያለውን ይገፋል። እነዚህ ግን አቀርቅረው ያስላሉ ብቻ። ዘርፌ በልቧ «የዛሬዎቹስ ጨዋ ናቸው» አለች።

ይሄኔ ገመዱን የበጠሰ ፍየል እየጮኸ መጣ። ፊታውራሪ ነው፤ የሸሸ ጠጉሩን ሽታ ተከትሎ። ከሰልፉ ራስ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ጢም አሸተተና «እምቤ» አለ። ወደ ሁለተኛው አለፈ፣ አሸተተ፣ «እምቤ» አለ። ሦስተኛውን ላሰው። እንዲህ እያለ አንድ ሳይዘል፣ ልክ እንደ ሹም ሰልፉን መረመረ። ዘርፌ ዘንድ ሲደርስ አገጯን ነከስ አድርጎ ሊወስድባት ሞከረ።

«ሂድ ወዲያ» አለ ከፊቷ የቆመው ሽማግሌ፣ ፍየሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ። ድምፁን ታውቀዋለች። ዓይኑን አየችው። ዓይኑንም ታውቀዋለች።

«እትዬ ደብሪቱ?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ ጢምሽ ሊወድቅ ነው።»

«የፍየሉን አገጭ የላጨሽው አንቺ ነሻ?»

«የራሴን ፍየል ብላጭ ምን አገባሽ? ጎኑን የነጨው ማን እንደሆነ ነው እኔን ያንገበገበኝ።»

ከኋላ በኩል አንድ ወፍራም ሽማግሌ አሳለ። «ጎኑ የኔ ነው፣ አይቆጡኝ» አለ። ሥጋ ሻጯ ጠጂቱ ነበረች፤ ሳቋን ለማፈን ጥምጥሟን አፏ ውስጥ ከታለች።

«ታፋውስ?»

«ታፋው የኛ ነው» አሉ ከወደ ኋላ፣ ሁለት ሆነው።

ደብሪቱ «እኔ እኮ እኔ ብቻ መስሎኝ» አለች። ይሄኛው አነጋገሯ ከፌዝ የራቀ ነበር። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ በሱ ስም እመጣለሁ። እነዚህ ሰዎች ከተቀመጡበት ወንበር በላይ ያለውን መጣፊያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰፍቼ ስመለስ በር ዘግቼ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ብቻዬን አለቅሳለሁ።»

«እኔም ብቻዬን መስሎኝ» አለች ጠጂቱ። «የገበያው የኔ ነው። አንድ ሰው ከሥሩ ቆሞ ‹ይሄን የሰፋው ጎበዝ ማነው› ሲል ሥጋዬን እየመዘንኩ ሰማሁት። ቢላው ከእጄ ወደቀ።»

«የመቃብሩ የኔ ነው» አለች አንዷ። «እኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ።»

ሰልፉ በሙሉ እንዲያ ይል ጀመር፣ እየዞረ፣ እየተንሾካሾከ። እናንተዬ፣ ስንት ዓመት አንድ ሰልፍ ላይ እየቆሙ፣ አንዷ የሌላዋን ጀርባ እያየች፣ ሁሉም ብቻዋን። ሴት ከሴት የሚያርቅ ነገር ብዙ ነው፤ የፍየል ጢም ይሆናል ብሎ ግን ማን ገመተ። ባለምሰሶዎቹም ከላይ ሆነው «ሴት ሰፍታ አታውቅም፣ ፍላጎቱም የላት» ይሉ ነበር፤ ሴቶች በሰፉት ሥር ተቀምጠው።

የዘርፌ ተራ ደረሰ።

«ይምጡ አባቴ» አላት ልሳኑ። ጢም ሲያይ አንቱ ማለት ያውቅበታል። «ስምዎ ማን ነው?»

«ዘርጋው» አለች ድምጿን አወፍራ።

«ጢምዎን ይዳብሱ።»

ከላይ ወደ ታች ዳበሰች።

«ግሩም አዳባበስ ነው። ምን ይዘው መጡ?»

«ለአራስ ቤቱ ቀዳዳ መጣፊያ።»

ከላይ የመርገፉ ክርክር ቀጥ አለ። አዝብጤ ወደ ታች አዘነበለ። «አባቴ፣ የአራስ ቤቱን ቀዳዳ የት ሆነው አዩት?»

ዘርፌ እዚህ ላይ ነው የተያዘችው። «ሚስቴ ነገረችኝ» አለች።

«ሚስትዎ ጢሟን ዳብሳ ነው የነገረችዎ?»

ዘርፌ መጣፊያዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ጢም ሳይዳበስ የተነገረ አልተነገረም። እንግዲያው ወይ ቀዳዳ አላዩም፣ ወይ ገብተው አይተዋል። ካላዩ መጣፊያዎን ይዘው ይመለሱ። ካዩ ከጥላው ውጭ ይወጣሉ። የቱ ይሁን?»

መመለስ ትችል ነበር። ቀስ ብላ ዞራ ጢሟን እንደለጠፈች መሄድ። የልጇን ወገብ አሰበች፣ መደቡን አሰበች፣ ያን የጠፋ ዓይን አሰበች። ከዚያ ጢሙን በሁለት ጣቷ ይዛ ነቀለችው። ሰሙ ቆዳዋን ይዞት መጣ።

«ያየሁት ገብቼ ነው» አለች። «እዚያው ነው የወለድኩት። ዘርፌ ነኝ፤ ከዚህ በፊትም መጥቼ ነበር፣ ያኔ ጢም አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ቀዳዳው ግን አሁንም አለ።»

ልሳኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ሴት በጢም» አለ። «ሐሰተኛ ጢም። እስከ ዛሬ አንድም አልታየም።»

«ታይቷል» አለች ደብሪቱ፣ የራሷን ነቅላ። ቀጥላ ጠጂቱ ነቀለች፤ ነቅላም በእፍኟ ይዛ «ፊታውራሪ፣ እንካ ንብረትህን» አለችው። ከዚያ ከኋላ ያሉት፣ ከዚያ ከእነሱ ኋላ ያሉት። ጢም መሬት ላይ እንደ ጥጥ ወረደ። በመጨረሻ ሰልፉ ላይ ጢም የቀረው አንድ ሰውዬ ነበር። እሱ እውነተኛ ነው። ግራ ገብቶት ደጋግሞ ይጎትተዋል፤ አልነቀል አለው።

ባለምሰሶዎቹ ተማከሩ። «በሐሰተኛ ጢም የተሰፋ ሁሉ ይነቀል» አለ ልሳኑ። አንዱ ደግሞ ጆሮው ላይ ተጠግቶ «ብንነቅለው የከተማው እኩሌታ ይራቆታል» አለው። አዝብጤ ጢሙን ሲዳብስ ሲዳብስ ቆየና ፈረደ፦ «መጣፊያው ይቆይ። ቋጠሮው ይፈታ።»

ሰማችሁ? ሥራው ይቅር፣ የሠራችው ትጥፋ። እኔ ብዙ ፍርድ ሰምቻለሁ፤ ሌባ ሲፈረድለት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። እየተጠለሉበት። በዚያው ጥላ ሥር ቀዝቀዝ ብሏቸው ተቀምጠው።

«ጌቶቼ» አለች ደብሪቱ፣ «ቋጠሮው ስም ብቻ አይደለም። ክሩን የያዘውም እሱ ነው። ቋጠሮውን ከፈታችሁት ስፌቱ ይከተላል።»

«ስለ ስሟ ስለሳሳች እንጂ» አሉና ሳቁ። ከእነሱ መካከል መርፌ የጨበጠ አልነበረም፤ ስለ መርፌ ግን ሲፈርዱ ኖረዋል።

በዚህ መሀል ወለላ እየሮጠች መጣች። «እትዬ ዘርፌ፣ ይታይሽ ምጡ ጠንቶባታል። አራስ ቤት አስገብቻታለሁ። ፀሐይዋ መደቡ ላይ ናት።»

ዘርፌ ወደ ገመዱ አየች፣ ገመዱን ወደያዙት እጆች አየች። «ልቀቁልኝ» አለች። ማንም አልለቀቀም። ያኔ ወደ ምሰሶው ዞራ፣ ልጅ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን የመጨረሻውን ቃል ጮክ ብላ አለችው፦ «የወደደ ይቅዳ።»

«አገር ልትከፋፍይ ነው?» አለ ልሳኑ።

«አገሩን ልወልደው ነው» አለችና ሄደች። ሰልፉም ተከተላት፣ እያንዳንዷ ይዛ የመጣችውን መጣፊያ እንደታቀፈች። አንዷ ከጉድጓድ ውኃው በላይ ያለውን ቀዳዳ ልትደፍን የመጣች፣ አንዷ የለቅሶ ቤቱን። ፍየሉ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር፣ እንደ ስሙ።

አራስ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው መጣፊያውን ከመጣፊያ ገጠሙት። ቀለሙ አይመሳሰልም፣ ክሩም አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ነው። ጠጂቱ በሥጋ መስፊያ ወስፌ ነበር የምትሰፋው። «አይ ስፌት» አለቻት ደብሪቱ፤ «በግ ነው የምታስሪው?» «እርስዎ ዝም ብለው ይሳቡ፣ ልጅቷ እየጮኸች ነው» አለቻት። ሰፍተው ሲጨርሱ ምሰሶ የለም፣ ገመድ የለም። ስለዚህ ገብተው መደቡን ከበቡና ጨርቁን በእጃቸው ወደ ላይ ያዙት። ፀሐይዋ እነሱ አናት ላይ ወረደች፤ መደቡ ላይ ግን ጥላ ሆነ። ክንዳቸው ሲዝል አንዷ ትገባለች፣ አንዷ ትወጣለች። ይታይሽ ቀና ብላ ስታይ ከሰማይ በፊት ያየችው የሴት ብብት ነበር። «ደስ ሲል» አለች፣ በምጥ መካከል።

ሴት ልጅ ወለደች። ሁለት ዓይኗን ከፍታ መጣች። የተነቀሉትን ጢሞች ሰብስበው የሕፃኗን ትራስ ሞሉባቸው። እስከ ዛሬ ጢም ለቁም ነገር የዋለው ያን ጊዜ ብቻ ነው ይባላል።

ያ ጨርቅ ከዚያ በኋላ አልወረደም። የሸማ መወጠሪያ እንጨት አስደገፉት፣ በማግስቱ አንዷ ጫፉ ላይ ቀጠለችበት፣ ደግሞ ሌላዋ። አጠገቡም ቁጭ ብሎ መማር ተጀመረ፤ አዋቂዋ ታሳያለች፣ ጀማሪዋ ታበላሻለች፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ሞኝ ጥያቄ የጠየቀች አይሳቅባትም፤ ስፌቷ ይሳቅበታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ቋጠሮ ደግሞ ሁሉም የራሷን ትቋጥራለች፣ በራሷ ስም።

ባለምሰሶዎቹ በፍርዳቸው ጸኑ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ አስፈቱ። በነፋስ ወራት ነፋሱ መጣ፣ እንደ ደንቡ። መጀመሪያ የገበያው መጣፊያ ተገነጠለ፣ ከዚያ የመቃብሩ፣ ከዚያ ከአዝብጤ ወንበር በላይ ያለው የደብሪቱ መጣፊያ ጥቂት ሲንጠለጠል ቆየና ጭኑ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ ዕቃውን ተሸክሞ ጥላ ወዳለበት ሄደ። ወንድም ሴትም። ማንም ከደጅ አልተመለሰም፣ ማንም ጢም አልተጠየቀም።

አንድ ቀን ልሳኑ መጣ። ፊቱ ተላጥቷል። ከጥላው ጠርዝ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ወደ ጢሙ ሰደደና ከላይ ወደ ታች ይዳብስ ጀመር።

ጠጂቱ አየችው። «ምን ሆንክ» አለችው፤ «ያሳክክሃል?»

እጁን አወረደ። ዘርፌ የልጅ ልጇን እንዳቀፈች «ክር ይዘሃል?» አለችው።

«መስፋት አልችልም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ግባ፣ ከፀሐዩ ግባና ቁጭ በል። ትማራለህ።»

አዝብጤ ግን አልመጣም። በግማሽ ጥላ ሥር፣ ወንበሩን ፀሐይ በዞረ ቁጥር እያዞረ፣ ስለ መርገፉ ቀለም ዛሬም ይከራከራል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሴቶቹ ጥላ በጣቱ ይጠቁምና «አያችኋቸው የእኛን ሴቶች፤ ምሰሶው ላይ እንደተጻፈው ነው፣ እኛ ዘንድ በሩ ሁሌም ክፍት ነበር» ይላል። ይሄን ስሰማ ደሜ እንዴት እንደሚፈላ ልነግራችሁ አልችልም። እንግዳውም ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

እኔ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልልም። ተረቱን ውሰዱት፣ የናንተ ነው። የጎደለበትን ሙሉ፣ የላላበትን አጥብቁ፣ ለጎረቤት አውሱ። ብቻ አደራችሁን፣ የሰፋችውን ሴት ቋጠሮ አትፍቱ፤ ጥላችሁን የያዘው እሱ ነው።